ሦስት ብርጭቆ ክሎሪን

አደር ዑመር መሞታቸውን የሰማሁት አፍደም ሆኜ ነው። ከአንድ አዲስ ጉድጓድ የውሃ ናሙና ልወስድ ከሄድኩ ሁለተኛ ቀኔ ነበር። ልጃቸው ሆዳን ረፋድ ላይ ደወለችና "አባዬ ለሱብሂ ተነሥቶ ሰገደ። ትንሽ ጋደም ልበል ብሎ ተኛ። በቃ፣ አልተነሣም" አለችኝ። አላለቀሰችም። ብዙ ወር አስታማቸዋለችና እንባዋን ቀድማ የጨረሰች መሰለኝ።

በዚያ ቀን ጅጅጋ መድረስ አልቻልኩም። ድሬዳዋን አልፌ እስክገባ ይመሻል፤ እነሱ ደግሞ ከዐስር፣ ከሰዓት በኋላ ካለው ሶላት፣ አያሳልፉም፣ ይቀብራሉ። ጠርሙሶቼን ሞልቼ፣ ክዳናቸውን አጥብቄ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ካለች አንዲት ግራር ሥር ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ አለቃዬ ሞቱ አልኩት። ከዚያ የተሻለ ቃል ጠፍቶብኝ ነው እንጂ አለቃዬ መሆናቸው ካበቃ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

አደር በሶማሌኛ የአባት ወንድም፣ አጎት ማለት ነው። ጅጅጋ ውስጥ ሸምገል ያለን ወንድ ሁሉ እንዲህ ብለን ነው የምንጠራው። ደንቡ ደግሞ አጎቱም የወንድሙን ልጅ መልሶ "አደር" ይላታል። ስለዚህ እኔ አደር ዑመር ስላቸው እሳቸውም አደር ይሉኝ ነበር። ፀሐይ የሚለውን ስሜን የጠሩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አስታውሳለሁ።

ውሃ የሚመረመርበት ትንሹ ላቦራቶሪ የተቀጠርኩት በ2011 ዓ.ም. ነው። አያቴ በውትድርና መጥቶ ጅጅጋ የቀረ ሰው ነው፤ አባቴም እኔም እዚሁ ነው የተወለድነው። ድሬዳዋ ኬሚስትሪ ተምሬ ስመለስ ብዙ የማውቅ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ቀን ጠዋት አደር ዑመር አንድ ጠርሙስ ፊቴ አስቀመጡ። ውስጡ ውሃ የመሰለ ነገር አለ። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ "5" ተብሎ ተጽፏል።

"ምንድን ናት?" አሉኝ።

ጠረኑ ይታወቃልና "አምስት ፐርሰንት ክሎሪን" አልኩ።

"ፐርሰንት የሚል የት አየሽ?"

ጠርሙሱን አዙሬ አየሁት። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ብቻ ዕቃውን ሁሉ "እሷ" ይላሉ። ቀስ ብለው፣ ተማሪ ፊት እንደቆመ ሰው ነገሩኝ። አምስት ፐርሰንት ብትሆን እጅ ትልጣለች። አምስት ግራም በሊትር ብትሆን የሕመምተኛ ክፍል ወለል ይታጠብባታል። አምስት ሚሊ ግራም በሊትር ብትሆን ልጅሽ ይጠጣታል። ሦስቱም አምስት ናቸው፤ ሦስቱም አይን ላይ ውሃ ይመስላሉ።

"የሶማሌ ልጅ አፍ ሲፈታ መጀመሪያ የሚማረው የአባቶቹን ስም ነው" አሉ። "አብቲርሲ እንላታለን። እኔ ዑመር ነኝ ብልሽ ምን አወቅሽ? ጅጅጋ ስንት ዑመር አለ? የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። ቁጥርም እንደዚያው ናት። አባቷን ሳትጠሪ ቁጥር እንዳታመጪልኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ይጠይቁኛል። አንድ ፐርሰንት በሊትር ስንት ግራም? አሥር። በሚሊ ግራምስ? አሥር ሺህ። በፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ? ያው አሥር ሺህ፤ አንድ ሊትር ውሃ ሚሊዮን ሚሊ ግራም ይመዝናልና። ሳልሳሳት ከመለስኩ "ሀየ"፣ እሺ፣ ብለው ያልፉኛል። ከተሳሳትኩ አይቆጡም። ግራ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ በእስክሪብቶ እጃቸው ላይ ሥሌቱን ሠርተው፣ እጃቸውን ወደ ዓይኔ ያስጠጉልኛል። መዳፋቸው ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር። ለሶላት ሲታጠቡት ብቻ ነው የሚነጣው።

ወደ ውሃው ከመምጣታቸው በፊት ከሃያ ዓመት በላይ ኬሚስትሪ አስተምረዋል። የከተማው ሹም ግማሹ ተማሪያቸው ነበር፤ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሲጋራ የሚደብቅ ትልቅ ሰው አይቻለሁ። ረጅም ናቸው፤ ጎበጥ ይላሉ። የመነጽራቸው አንዱ እግር በክር የታሰረ ነው። ባለቤታቸው ቀደም ብላ ሞታለች፤ ሆዳን አግብታ ድሬዳዋ ነው የምትኖረው። ብቻቸውን ስለነበሩ ከቤት ይልቅ ላቦራቶሪ ይውላሉ። ያስላቸዋል። የዓመታት ክሎሪን ነው። ዱቄት የሚመዝኑት አፋቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ሸፍነው ነው፤ ለእኔ ግን ጭምብሉን ካላደረግሽ አትነኪም ይላሉ። ጭምብሉ አንድ ብቻ ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። አንድ ወቅት አይደለም፣ ደጋግሞ ቀረ። ከቀብሪበያ ወዲያ ያሉት ቢርካዎች፣ ማለትም ሰው የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅምባቸው የሲሚንቶ ጉድጓዶች፣ ታች ጭቃ ብቻ ቀራቸው። ከብቱ በየመንገዱ ዳር ወደቀ። ሰው ወደ አስፋልቱ ተጠግቶ ሰፈረ። መሥሪያ ቤታችን በቦቴ መኪና ውሃ ማመላለስ ጀመረ። ቦቴው ይመጣል፣ ትልቁ ጥቁር ሮቶ ውስጥ ይገለብጣል፣ የሮቶው ጠባቂ ክሎሪን ትጨምራለች፣ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፣ ከዚያ ጀሪካኑ ይሰለፋል።

የክሎሪኑ ዱቄት ሰባ ፐርሰንት ነው ይላል በርሜሉ። ሥሌቱም የተሠራው በሰባ ነው። አንድ ቦቴ አሥር ሺህ ሊትር ይይዛል፤ ለዚያ ሃምሳ ግራም ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልጋል፤ ሃምሳ ግራም ንጹሕ ክሎሪን ከሰባው ዱቄት ሰባ ግራም ግድም ማለት ነው። ጠባቂዎቹ ሚዛን የላቸውም። አደር ዑመር ለክተው እንዳዩት ያ አንድ የሻይ ብርጭቆ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ለአንድ ቦቴ አንድ ብርጭቆ ሆነ።

አንድ ማክሰኞ ከየጣቢያው የመጣውን ናሙና ስንመረምር አንዱም ላይ ክሎሪን አጣን። አደር ዑመር መጋዘን ሄደው ከበርሜሉ ትንሽ ዱቄት በወረቀት ጠቅልለው አመጡ። መጋዘኑ የቆርቆሮ ነው፤ በርሜሎቹ እዚያ ውስጥ ስንት የሐሩር ወር ከርመዋል። ዱቄቱን በጥብጠው፣ መመርመሪያውን ጨምረው፣ ቡናማ የሆነውን ፍላስክ ከመስኮቱ ብርሃን ፊት እየነቀነቁ ሌላ ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ አፈሰሱበት። ቡናማው ቢጫ ሆነ። ስታርች ሲጨመርበት ጠቆረ። ከዚያ በአንድ ጠብታ ጠራ። ስንት ጠብታ እንደፈጀ አዩና መዳፋቸው ላይ አሰሉት። ሦስት ጊዜ ደገሙት።

"ዱቄቷ ሞታለች" አሉ። "ሃያ አራት ፐርሰንት ናት።"

ደብዳቤ ጽፈው ወደ ኃላፊው ገቡ። አብሬያቸው ገብቼ ነበር። ኃላፊው ተማሪያቸው የነበረ ሰው ነው፤ ተነሥቶ ነው የተቀበላቸው። ደብዳቤውን አነበበና ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠው።

"መምህር፣ ሰባ ፐርሰንት ተብሎ ተፈርሞ ገብቷል። ሃያ አራት ነው ብዬ ወደ ላይ ብጽፍ፣ ማን አበላሸው ይሉኛል።"

አደር ዑመር ያበላሸው ሙቀት ነው፣ አንተን ማንም አልከሰሰህም አሉት። ቢያንስ መጠኑ ይለወጥ፣ አንዱ ብርጭቆ ሦስት ይሁን ብለው ለመኑ። ኃላፊው መጠኑ በደብዳቤ ከተለወጠ ምክንያቱም ይጠየቃል ብሎ እምቢ አለ። በመጨረሻ ደብዳቤውን መልሶ ሰጣቸው። ከደጅ ስንወጣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ጡረታቸው ሊደርስ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከደብተር ቅጠሎች ቀድደው፣ በሶማሌኛ በእጃቸው ጻፉ። በየወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ "ለአንድ ቦቴ ሦስት ብርጭቆ። ዑመር።" እኔ አጠፍኳቸው። ለቦቴ ሾፌሮቹ ሰጠናቸው፤ እነሱም ለየጠባቂዎቹ አደረሱ።

ሁለት ሳምንት ያህል ሁሉም ነገር መልካም ሆነ። ናሙናው ሲመጣ በሚገባው መጠን ክሎሪን አለው። አደር ዑመር በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። አንድ ቀን ከግቢው በር አጠገብ ከምትሸጠው ሴት የግመል ወተት ሻይ ገዝተው ለላቦራቶሪው ሰው ሁሉ አጠጡ።

አሁን የራሴን ልናገር። እሳቸው ቱሊ ጉሌድ ላሉ ጉድጓዶች ምርመራ ሄደው በነበረበት ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ መጋዘኑ ፊት አንድ ፒክአፕ ሲጭን አየሁ። ሁለት አዲስ በርሜሎች፣ ክዳናቸው ሰማያዊ ነው። የእኛዎቹ ክዳናቸው ቀይ ነበር። ወዴት ነው ስለው ሾፌሩ ከቀብሪበያ ወዲያ ላለች አንዲት መንደር ነው አለኝ። አዲስ፣ ያልደከመ ዱቄት መጥቷል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ለአደር ዑመር ልደውል ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትዎርክ አልነበረም። ኋላ እደውላለሁ አልኩ። በማግስቱ ዓርብ ነው፤ ቀጥሎ ቅዳሜና እሑድ። ሰኞ ሲመለሱ መጋዘኑ ነግሯቸው ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩ። ከዚያ ረሳሁት። ሰው ከሚረሳቸው ነገሮች ሁሉ ቀላሉ ይመስለኝ ነበር።

ወሬው በሳምንቱ ሐሙስ መጣ። መንደሯ ውስጥ ሰው እየታመመ ነው አሉ። በመሥሪያ ቤት ወረቀት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ተብሎ ይጻፋል፤ አደር ዑመር ግን ኮሌራ ነው የሚሉት። መኪና አስፈቅደን ወዲያው ሄድን። መንገዱን ሙሉ የናሙናውን ደብተር ሲያገላብጡ ቆዩ። ውሃችን ክሎሪን እያለው እንዴት ኮሌራ ይገባል የሚለው አልገባቸውም ነበር።

ሮቶው ጋ ስንደርስ የክሎሪን ጠረን ከሩቅ ተቀበለን። ጀሪካን የተሰለፈ የለም። ከቧንቧው ትንሽ ውሃ ቀድተው ክሎሪን በሚለካባት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ የመመርመሪያ ክኒን ጨመሩ። ደህና ውሃ ሮዝ ይሆናል። ይህ እንደ ደም ቀላ፤ ቀለሙ የሚነጻጸርበት ሠንጠረዥ ላይ እንዲህ ያለ ቀለም የለም። ወዲያው ወደ በርሜሉ ዞር አሉ። ሰማያዊ ክዳን። ከፍተው ጎንበስ አሉና አሸተቱ። ሳል ያዛቸው፤ ብዙ ሳሉ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ሦስት" አሉ። "የማን ሦስት?"

ሮቶውን የምትጠብቀው ሴት ዘይነብ ትባላለች። ነገሩን እሷ አስረዳችን። አዲሱ በርሜል ሲመጣ በወረቀቱ መሠረት ሦስት ብርጭቆ ጨመረች። ውሃው አፍ ያቃጥል ጀመር። ሰዉ መርዝ አለበት አለ። የቀዱትን ደፉ። እሷ ጠጥታ ብታሳያቸውም አላመኗትም። ከዚያ ወደ አሮጌው ቢርካ ወረዱ። ታች የቀረው ጭቃማ ውሃ ከብትም ሰውም የሚጠጣው ነው። ሕመሙ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። እኛ በደረስንበት ሰዓት አምስት ሰው ሞቷል። በሸራ ጥላ ሥር የተኙትን አልፌ ስሄድ አንዲት አሮጊት በዓይኗ ተከተለችኝ፤ መናገር አትችልም ነበር። አደር ዑመር እጅጌያቸውን ሰብስበው የሮቶውን ውሃ ግማሹን ደፍተው፣ ቦቴው ሲመጣ አቅጥነው አስተካክለው፣ በሰዉ ፊት ጠጥተው አሳዩ። ሰዎቹም ከእጃቸው ተቀብለው ጠጡ። ሽማግሌ ናቸውና አመኗቸው።

ከሳምንት በኋላ ጅጅጋ ስብሰባ ተጠራ። ከየቢሮው የመጡ ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ዘይነብን በር አጠገብ ባለች ወንበር አስቀመጧት። ኃላፊው ጠባቂዋ በቂ ሥልጠና ሳይኖራት ከታዘዘው አንድ ብርጭቆ አሳልፋ በመጨመሯ ሕዝቡ ውሃውን ትቶ ላልተጠበቀ ውሃ ተዳርጓል የሚል ጽሑፍ አነበበ። ጥፋቱ የሷ ብቻ ሆነ። ስንት ጨመርሽ ብለው ጠየቋት። ሦስት አለች። ማን አዘዘሽ ሲሏት አቀርቅራ ረሳሁት አለች።

አደር ዑመር ተነሡ። ወደ ጠረጴዛው ሳይሆን ወደሷ ነው የተመለከቱት።

"ዘይነብ፣ ወረቀቷን አውጪያት።"

ዘይነብ አልተንቀሳቀሰችም። እሳቸውን ላለማስያዝ እንደደበቀችው ሁላችንም አየን። እንደገና፣ በሶማሌኛ፣ ልጅን በሚያባብሉበት ድምፅ ነገሯት። ከልብሷ ውስጥ አወጣችው። ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

"ይህቺ የእኔ ጽሑፍ ናት" አሉ። "ሦስት ብርጭቆ ያልኩት በሙቀት ለደከመችው ዱቄት ነው። ለየትኛዋ እንደሆነ አልጻፍኩም። ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም። ብጽፍ ዱቄቷ መሞቷን ይደርሱበታል፣ ከሥራዬ ያስወጡኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ሃያ ዓመት ልጆች ሳስተምር አሃዷን፣ ግራሟን ሊትሯን ያልጻፈ ዜሮ ያገኛል እል ነበር።"

ከሰዎቹ አንዱ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ ወይ ሲል ጠየቀ። እኔ በስተቀኛቸው ነበርኩ። የለም አሉ አደር ዑመር። አዲሱ በርሜል ሲጫን ያየ ሰውስ አለ ወይ አላለም፤ ቢል ምን እንደምመልስ አላውቅም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ነገሩ ተሸፋፈነ። እሳቸው ቢቀጡ የመጋዘኑም ጉዳይ ይወጣ ነበርና፣ በጤና ምክንያት ያለ ጊዜያቸው ጡረታ ወጡ ተባለ። ዘይነብ ወደ ሮቶዋ ተመለሰች። ኃላፊው ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወረ።

ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ሳምንት ደወሉልኝ። "ፀሐይ፣ ብቻዬን መሄድ ፈራሁ" አሉ። ስሜን የጠሩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ቀብሪበያ ገባን፤ ከዚያ የከብት ነጋዴዎች መኪና ላይ ተሳፍረን መንደሯ ደረስን።

የሄዱት ሙሴ ወደሚባል ሰው ነው። ሚስቱና የስድስት ዓመት ልጁ ከሞቱት ውስጥ ናቸው። አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ከብቶቹ ያለቁበት ሰው ነበር። ምንጣፍ አነጠፈልን። አደር ዑመር ሳይቀመጡ ጀመሩ። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው፣ ለምን ጎደሎ እንደጻፈው፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። ሶማሌኛ አንቱ የለውም፤ ትልቅም ትንሽም አንተ ነው የሚባባለው። እንደ ሁለት እኩያ ነበር ያስመሰላቸው።

ሙሴ እስኪጨርሱ አዳመጠ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

"ሚስቴ ውሃውን ቀድታ መጥታ ነበር። ይሸታል ግን ይጠጣል አለችኝ። ድፊው ያልኳት እኔ ነኝ። ልጄ ጠምቷት እያለቀሰች አስደፋሁ። ወደ ቢርካው የላክኋቸው እኔ ነኝ።"

"የሸተተህ የእኔ ሥራ ነው" አሉ አደር ዑመር።

"እጇ ላይ የነበረውን ግን እኔ ነኝ ያስደፋሁት።"

ሁለቱም አቀረቀሩ። ይቅር ያለ የለም፤ ይቅር በለኝ ያለም የለም። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ የምንጣፉን ጫፍ እየፈተልኩ ነበር። ኋላ ሙሴ ቀና ብሎ፣ ክሎሪኑ ስንት ነው መሆን ያለበት አለ። ሰው ይህን እንዴት ያውቃል ብሎም ጠየቀ። አደር ዑመር ከኪሳቸው የመመርመሪያዋን ብልቃጥና ክኒን አውጥተው ከጀሪካኑ ውሃ ቀዱ። ሮዝ ስትሆን አሳዩት። ይህን ያህል ከሆነች ጠጣ፤ ነጭ ከሆነች አትንካት፤ በጣም ከቀላች ግን አትድፋት፣ ሌላ ውሃ ቀላቅልባትና ጠብቅ አሉት። ሙሴ ብልቃጡን በሁለት እጁ ይዞ ፀሐይ ላይ አየው።

ስንመለስ የመኪናው ጭነት ላይ ተቀምጠን ነገርኳቸው። ሐሙስ ዕለት ሰማያዊ ክዳን ያላቸው በርሜሎች ሲጫኑ አይቻለሁ፤ ልደውል ነበር፤ አልደወልኩም አልኩ። ንፋሱ ስለሚጮህ ደግሜ መናገር ነበረብኝ። ደግሜ መናገሩ ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደኝ።

"አውቃለሁ" አሉ። "የመጋዘኑን መዝገብ አይቻለሁ፤ ያንን ቀን ከላቦራቶሪው ሰው ግቢ ውስጥ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ።"

ለምን ስብሰባው ላይ አልተናገሩም አልኳቸው።

"ወረቀቷ ሙሉ ብትሆን ያንቺ መደወል አያስፈልግም ነበር" አሉ። ከዚያም ጨመሩ። "አታስቢው አልልሽም፣ ፀሐይ። አስቢው። ግን እየሠራሽ አስቢው።"

ስሜን የጠሩበት ሁለተኛውና የመጨረሻው ጊዜ ይህ ነበር። ላጽናናሽ አላሉም። ዛሬም እንደ ምርቃት ልውሰደው እንደ ፍርድ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በራሳቸው ጉልበት ወደየሮቶው ይሄዱ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። ዘይነብንና ሌሎቹን ጠባቂዎች በርሜል በመጣ ቁጥር ዱቄቱን በትንሽ ውሃ በጥብጦ በመመርመሪያዋ መፈተን አስተማሯቸው። መጻፍ የማይችሉትን በብርጭቆው ላይ በቀለም መስመር እንዲያሰምሩ አደረጉ። ክኒኑን እኔ ከላቦራቶሪው አቀብላቸው ነበር። ሙሴ ከጊዜ በኋላ የሁለተኛው ሮቶ ጠባቂ ሆነ። ስለ ሟቾቹ ዳግመኛ ሲያወሩ አልሰማሁም። ስለ ፐርሰንትና ስለ ሚሊ ግራም ነው የሚያወሩት፤ ይከራከሩም ነበር። ሙሴ አንዳንድ ጊዜ ይረታቸዋል።

ሳንባቸው እየደከመ ሲመጣ ጉዞው ቀረ። ሆዳን ሥራዋን ትታ መጣች። ልጠይቃቸው ስሄድ ትራስ ተደግፈው አገኛቸዋለሁ፤ ትንፋሽ እያጠራቸውም የትኛው ጣቢያ ላይ ስንት ተገኘ ይሉኛል። ስነግራቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ጣቢያ ላይ ምንም አልተገኘም ካልኳቸው ያን ቀን አይበሉም ብላ ሆዳን ስለተቆጣችኝ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መዋሸት ጀምሬ ነበር። የዋሸኋቸው መሆኑን ያወቁ ይመስለኛል።

ከአፍደም በማግስቱ ገብቼ በቀጥታ ወደ ለቅሶው ቤት ሄድኩ። ወንዶቹ ውጭ ሸራ ሥር ተቀምጠው ቁርዓን ያነባሉ። ሴቶቹ ውስጥ ናቸው። ሆዳን አቅፋኝ ቆየችና ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። በሩን መለስ አደረገች።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለችኝ። ትናንት ቀብሩ ላይ የሆነ ነገር አጎቷ ነግሯት ነበር። አስከሬኑ ሊወርድ ሲል፣ ማንም የማያውቀው የገጠር ሰው፣ ጫማው አቧራ የለበሰ፣ ሰዉን እየገፋ መጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ልውረድ አለ። ጉድጓድ የሚወርደው የቅርብ ዘመድ ነው። አጎቷ አንተ ማነህ፣ የማን ልጅ ነህ አለው። ሰውዬው ስሙን ሙሴ ብሎ፣ የአባቶቹን ስም ቆጠረ፤ ከእነሱ ጎሳ እንኳ አይደለም። ታዲያ ምኑ ነህ ሲሉት፣ ሚስቴንና ልጄን ስቀብር ብቻዬን ነበርኩ፤ እሱ ብቻውን አይቀበርም አለ። አጎቷ እጁን ይዞ አወረደው። አባቷን ከሥር ሆኖ የተቀበለው፣ ፊታቸውን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ ያዞረው እሱ ነው። አፈር ሲመለስ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ።

"አባዬ ስለዚህ ሰው አንድ ቀን አልነገረኝም" አለች ሆዳን። "ጡረታ ወጣሁ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ወዳጅ እጠይቃለሁ ነበር የሚለኝ። ምን ቢያደርግለት ነው እንደዚህ የወደደው?"

ከውጭ የቁርዓኑ ድምፅ ይሰማል። ሆዳን ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች፤ አንድ መልካም ሥራ እንድነግራት ነው የምትጠብቀው። መልካሙን ብቻ ነግሬያት መውጣት እችል ነበር፤ የሚያርመኝ ሰው የለም።

ተቀመጪ አልኳት። ከቆርቆሮው መጋዘን ጀምሬ ነገርኳት፤ የደብዳቤውን፣ የወረቀቱን፣ የአምስቱን ሰዎች። ሰማያዊ ክዳን ያላቸው በርሜሎች ጋ ስደርስ ሆዳን ውሃ አቀበለችኝ። ጠጣሁና ያን ሐሙስ ግቢው ውስጥ ቆሜ ያየሁትን፣ ለማንም ያልደወልኩትን፣ ያንንም ነገርኳት።